ከአያት የተረፈ ኪታብ፦ ዕድሜው በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ከአባቴ እናት የወረስነው በእጅ የተጻፈ የዓረብኛ ኪታብ አለ። ሐረር ጁገል ከነበረው ቤታቸው ወደ ድሬዳዋ የመጣ ነው። የቆዳው ሽፋን በአንድ ጎን ተገንጥሏል፤ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ጫፋቸው ተበልቷል። ታላቅ ወንድሜ በስኮች እንጠግነው ይላል። ውጭ አገር የሚኖር ዘመዳችን ደግሞ ወስጄ በማሽን ላስመርምረው ብሏል። ዕድሜውን ማወቅ ይቻላል? ምንስ እናድርግ?
(የከዚራ ነዋሪ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እባክዎ ስኮቹ ይቅር። ሙጫው ውሎ አድሮ ይቢጫል፣ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሊያነሱት ሲሞክሩ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ ሰው ስኮች የሚለጥፈው ቶሎ በሚያረጁት በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቅጠል ላይ መሆኑ ነው። ስለ ኪታቡ ዕድሜ የሚናገረው አብዛኛው ማስረጃ ያለው እዚያው ነው።

ማሽኑም አይጠቅምዎትም። ዕድሜ የሚለካው የካርቦን 14 ምርመራ ከወረቀቱ ቆርጦ መውሰድ ይጠይቃል፤ ከ1650 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተሠራ ነገር ደግሞ ጠበብ ያለ ዘመን መስጠት አይችልም። ከዚህም በላይ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ዘመድዎ ፎቶው ይበቃቸዋል።

ማሽን ከሚነግርዎት የበለጠ ዓይንዎ ይነግርዎታል። ኪታቡን ሁለት የተጠቀለሉ ፎጣዎች መሐል ያስቀምጡና ከ90 ዲግሪ ሳያልፍ ይክፈቱት። እጅዎ የታጠበና የደረቀ ይሁን፤ ጓንት የጣትን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ቅጠል ያስቀድዳል። ከዚያ መጨረሻውን ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ መስመሮቹ ወደ ታች እየጠበቡ ሄደው እንደ ሦስት ማዕዘን ያልቃሉ። «ተመ» (አለቀ) የሚል ቃል፣ የጸሐፊው ስም፣ ቀን፣ ወርና ዓመተ ሂጅራ የሚገኘው እዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ገልባጩ ከፊቱ ያለውን የቆየ ኪታብ ሲገለብጥ የመጨረሻውን ቀን ጭምር እንዳለ ገልብጦት ሊሆን ይችላል። ድርሰቱ የተደረሰበት፣ ይህ ቅጂ የተጻፈበት እና ቤተሰብዎ እጅ የገባበት ጊዜ ሦስት የተለያዩ ዘመናት ናቸው። ስለዚህ ቀኑን በወረቀቱ ያመሳክሩት። አንዱን ቅጠል በመስኮት ብርሃን ፊት ቀስ ብለው ያንሱት። ተራርቀው የቆሙ ወፍራም መስመሮችና እነሱን የሚያቋርጡ ቀጫጭን መስመሮች ከታዩ በሽቦ ወንፊት ላይ የተሠራ ወረቀት ነው። በብርሃን ብቻ የሚታይ የወረቀት ሠሪ ምልክት፣ ለምሳሌ መጠናቸው እየቀነሰ የሚሄድ ሦስት ጨረቃ፣ ከታየ ደግሞ በጣሊያን፣ በተለይ በቬኒስ ግዛት፣ ለኦቶማን ገበያ ይሠራ የነበረው ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ በግብፅና በቀይ ባሕር በኩል በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ አካባቢያችን በብዛት ገብቷል። ምልክቱ ከቅጠሉ መሐል ካልታየ ቅጠሎቹ የተሰፉበትን መጋጠሚያ ይመልከቱ፤ ወረቀቱ አራት ቅጠል ሆኖ ከታጠፈ እዚያ ይደበቃል። የወረቀት ምልክት «ከዚህ በፊት አልተጻፈም» ብሎ ይመሰክራል እንጂ የተጻፈበትን ዓመት አይናገርም፤ ወረቀት በነጋዴ እጅ ለዓመታት ይቆያልና። ሽፋኑም በኋላ ዘመን ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን አይታመንም።

ከሁሉ በላይ ባዶ ገጾቹንና ኅዳጉን አይናቁ። የወቅፍ (ለሃይማኖታዊ በጎ ሥራ የተሰጠ ስለመሆኑ) ቃል፣ የባለቤት ስም፣ የልደትና የሞት ቀን፣ የተገዛበት ዋጋ የሚጻፈው እዚያ ነው። የቀደሙት ተመራማሪዎች ዋና ትኩረታቸው ድርሰቱና ደራሲው ነበር፤ የዛሬዎቹ ማን አነበበው፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ተላለፈ፣ ወረቀቱስ ከየት መጣ ብለው ይጠይቃሉ። ከ2013 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው የአፍሪካ ቀንድ እስላማዊ ጽሑፎች ጥናት ብዙ የሐረር ኪታቦችን ያካተተ ነበር። አያትዎ በኅዳግ የጻፉት አንድ መስመር ለእንዲህ ያለ ጥናት ከጽሑፉ እኩል ዋጋ አለው።

አሁን እቤት የሚሠራውን እንንገርዎ። ከሽፋን እስከ ሽፋን፣ ባዶውን ገጽ ሳይዘሉ፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ ያንሱ፤ ከጎኑ ማስመሪያ ያኑሩ፤ ፋይሎቹን በቅጠል ተራ ቁጥር ይሰይሙና ሁለት ቦታ ያስቀምጡ። የወደቀ ቁራጭ ካለ የወደቀበትን ቅጠል ቁጥር ጽፈው በወረቀት ፖስታ ያኑሩት። ኪታቡን በታጠበ፣ ስታርች ባልነካው አቡጀዲ ጠቅልለው ካርቶን ውስጥ ያስተኙት። ፌስታል እርጥበት አፍኖ ሻጋታ ያወጣል። ፀረ ተባይ አይንፉበት። መደርደሪያው ከፍ ያለ ይሁን፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ ያደረሰውን ድሬዳዋ አልረሳችውም። የተገነጠለውን ሽፋን ለባለሙያ ይተዉት፤ ሐረር ጁገል ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም በኪታብ ጥገናና ድጉሰት (በቆዳ መሸፈን) ልምድ ያለው ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ የእኛ ኪታብ መጨረሻ ላይ 1285 ይላል። አንድ መምህር 1860 ነው አሉን፤ ሌላው 1868። የቱ ነው ትክክል?
(ከሐረር)

መልስ፦ ሁለቱም። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። 1285ን ለ33 ሲያካፍሉ 39 ገደማ ነው፤ ከ1285 ሲቀንሱት 1246፣ 622 ሲደምሩበት 1868 እ.ኤ.አ.። በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ ከሚያዝያ 1860 እስከ ሚያዝያ 1861 ዓ.ም. ይዘልቃል፤ ስለዚህ ወሩ ካልተጻፈ 1860/61 ብላችሁ መዝግቡ። ወሩና ቀኑ ካለ ዕለቱንም አስተያዩ፤ የወር መግቢያ በጨረቃ መታየት ስለሆነ ስሌቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊዛነፍ ይችላል፤ «ሰኞ» ወይም «ዓርብ» የሚለው ቃል ያስተካክለዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቁጥሩን ደግማችሁ እዩት፦ በዓረብኛ አጻጻፍ ክቧ 5 ናት፣ ዜሮ ነጥብ ብቻ ናት፤ 2 እና 3ም በእጅ ጽሑፍ በቀላሉ ይምታታሉ። አንዳንድ ጸሐፊ ሺውን ትቶ 285 ብቻ ይጽፋል፤ ያን ጊዜ ወረቀቱን ጠይቁት።