አዲሱ ጓንቴ ኳስ አልይዝ አለኝ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት። ድሬዳዋ ሳቢያን ሜዳ በረኛ ነኝ፣ አዲስ ጓንት ገዝቼ በዚያው ቀን አጥልቄው ገባሁ፣ ኳሱ እንደ ሳሙና እያመለጠኝ ሁለት ጎል ገባብኝ፣ ተሸወድኩ እንዴ ነው ያልከው።

መዳፉን በአውራ ጣትህ ተጫነው። እንደ ስፖንጅ ሰርጎ ከተመለሰ ላቴክስ ነው፣ ኳስ የሚይዘው ለስላሳ ጎማ፣ አልተሸወድክም። እንደ ፕላስቲክ ጠጠር ብሎ የሚያንሸራትት ከሆነ ግን ማጠብም አያድነው።

ላቴክስ ከፋብሪካ ሲመጣ ላዩ ላይ የምርት ቅሪት አለበት። እሱ ካልታጠበ ኳስ አይዝም። ስለዚህ ከግጥሚያ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብለህ እጠበው። ሳፋ ላይ ለብ ያለ ውሃ አድርግ፣ 30 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። ጓንቱን እንዳጠለቅክ እጅህን ንከርና መዳፍህን ከመዳፍህ ጋር ቀስ እያልክ እሸው። ውሃው ትንሽ አረፋ ያወጣል፣ ይደፈርሳል። ቀይረህ ድገመው፣ ጥርት እስኪል። የልብስ ሳሙናና በረኪና አታስጠጋው። ደግሞ እንደ ካልሲ እንዳትጠመዝዘው፣ ላቴክሱ ይቀደዳል። ቡጢ ጨብጠህ ውሃውን ጭመቀው፣ በቃ።

ማድረቁ ላይ ነው ብዙ የድሬ ልጅ የሚሳሳተው። አቦ፣ የኛን ፀሐይ ታውቀው የለ! የማሰለጥነው አንድ ልጅ ጓንቱን አጥቦ እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ ላይ አሰጣው፣ ማታ ሲያወርደው መዳፉ ጎርፍ ካለፈ በኋላ እንደሚደርቅ የደቻቱ ወንዝ ደለል ተሰነጣጥቆ፣ ጣት ሲያስነኩት እየተፈረፈረ ነበር፤ ገና አንድ ግጥሚያ ሳይጫወትበት። ልጁ አለቀሰ፣ እኔም አዘንኩ። ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከማሰሪያው በኩል አንጠልጥለው። ቢዘገይም ይዘግይ።

ከደረቀ በኋላ በቀጥታ ግጥሚያ አትግባበት። መጀመሪያ ጓደኛህ በእጁ ይወርውርልህ፣ ከዚያ ቀለል አድርጎ ይምታልህ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። ጓንቱ የጣትህን ቅርጽ የሚይዘው እዚህ ላይ ነው።

ላቴክስ ደርቆ በደንብ አይዝም፣ ረጠብ ማለት አለበት። እኛ ጋ ደግሞ ሙቀቱ ቶሎ ያደርቀዋል፣ የሜዳው አቧራ ይደፍነዋል። ከጎሉ ጀርባ የውሃ ጠርሙስና እርጥብ ጨርቅ አስቀምጥ፤ ኳሱ ወደ ወዲያኛው ጎል ሲሄድ መዳፍህን ጥረግና ጠብ አድርግበት። የሚንጠባጠብ ከሆነ አብዝተኸዋል። በምራቅ ከማርጠብ ውሃው ይሻላል።

ወድቀህ ስትነሳ በመዳፍህ አትደገፍ፣ በቡጢህ ተነስ። ጠጠር ላይ አንድ ጊዜ በመዳፍ መደገፍ ከአስር ኳስ በላይ ይልጠዋል። አሮጌው ጓንትህን አትጣል፣ ልምምድ በሱ ስራ።

ስታስቀምጠው መዳፍና መዳፉን አታጋጥም፤ ይጣበቅና ስታላቅቀው ላቴክሱ ይላጣል። ፌስታል ውስጥም አትቋጥረው፣ ይሸታል፣ ይሻግታል። ትራስ ልብስ ውስጥ ብታደርገው ይሻላል።

ልኩንም እየው። ከጣትህ ጫፍ በላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢተርፍ ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ጓንቱ እጅህ ላይ ይዞራል፣ እሱን ማጠብ አያስተካክለውም። ውሃ ሳታስነካው ለካና ሰፊ ከሆነ ሻጩን ቀይርልኝ በለው፤ ከታጠበ በኋላ አይቀበልህም።