ስለ ቤት ዋይፋይና ስለ ሜሽ ጠይቁኝ (ከሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐዋሳ መኖሪያ ቤትና ፔንሲዮን ላይ ኔትወርክ እዘረጋለሁ፣ ሰሞኑን "ሜሽ ልግዛ ወይ" የሚለኝ ሰው ስለበዛ (ሜሽ ማለት ቤት ውስጥ በየቦታው ተቀምጠው አንድ ዋይፋይ የሚያዳርሱ ሣጥኖች ናቸው፣ እያንዳንዱ ኖድ ይባላል) ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ጥ (ከታቦር)፦ ራውተሩ ሳሎን ነው፣ ጓሮ ሰርቪስ ቤት ዋይፋዩ ይታያል ግን አይከፍትም። ሜሽ ይፈታዋል?

መ፦ ይፈታዋል ወንድሜ፣ አቀማመጡን ካወቅክበት። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ኖድ ኔትወርክ የማይደርስበት ክፍል ወስዶ ይሰካዋል፣ እሱ ራሱ ያልሰማውን ምን ብሎ ያሰማል? ሲግናሉ ገና ጥሩ የሆነበት መሃል ላይ ነው መቀመጥ ያለበት፣ ባንተ ቤት ወደ ጓሮ የሚያይ መስኮት ካለ እሱ አጠገብ። ስልክህ ላይ ዋይፋይ አናላይዘር የሚባል አፕ ጫንና እየተራመድክ የሲግናሉን ጥንካሬ ቁጥር እይ (ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል)፣ ኔጌቲቭ 65 አካባቢ ላይ አስቀምጠው፣ ኔጌቲቭ 80 ካሳየህ አልፈሃል ተመለስ። ሰርቪሱ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ቆርቆሮ ሲግናል ስለሚመልስ ከበሩ ወይ ከመስኮቱ ትይዩ ይሁን።

ጥ (ከአቶቴ)፦ 5 ሜጋ ነው ያስገባሁት፣ ሜሽ ብገዛ ይፈጥናል?

መ፦ አይፈጥንም እህቴ፣ የገባውን ነው የሚያዳርሰው። መጀመሪያ ራውተሩ ስር ቆመሽ ስፒድ ቴስት አድርጊ፣ እዛም ከተንቀረፈፈ ችግሩ መስመሩ ወይ ፓኬጁ ነው ብርሽን አታውጪ። ደግሞ 5 ሜጋ ሲባል ሜጋ ቢት ነው፣ ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 0.6 ሜጋ ባይት ገደማ ነው የሚያወርደው።

ጥ፦ ሪፒተር ገዝቼ ስፒዱ ግማሽ ሆነብኝ፣ ለምን?

መ፦ ሪፒተሩ የዋናውን ሲግናል በሰማበት ሬዲዮ ራሱ መልሶ ስለሚያስተላልፍ ነው፣ ሁለቱን እኩል አይችልም። ዱዋል ባንድ (በሁለት ሞገድ፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ) ሜሽም ያለ ኬብል ይሄው ጣጣ አለበት፣ ትራይ ባንዱ (ባለ ሦስቱ) ለኖዶቹ መነጋገሪያ የተለየ ባንድ ስላለው ይሻላል፣ ዋጋውም በዛው ልክ ነው።

ጥ (ከፒያሳ)፦ ጂ ፕላስ ቱ ፔንሲዮን አለኝ ልጄ፣ እንግዶች ሁልጊዜ ያማርራሉ። ስንት ኖድ ልግዛ?

መ፦ እርስዎ ኖዱን ከመቁጠርዎ በፊት ኬብል ያስጎትቱ። ሶሌታው ውስጥ ኮንክሪትና ብረት አለ፣ ዋይፋይ ከፎቅ ፎቅ ሲያልፍ ይደክማል፣ 5 ጊጋኸርዙ ደግሞ ከ2.4ቱ ብሶ። ባለፈው አንድ ቤት አምስት ኖድ በአየር ተያይዞ ሁሉም ክፍል ሲንገዳገድ አገኘሁት፣ ሁለቱን አውጥተን ሦስቱን በኬብል ስናገናኛቸው ቀጥ አለ፣ ሰውየው አላመነም ነበር እውነት ለመናገር እኔም እንደዛ ይለወጣል አላልኩም። በየፎቁ ኮሪደር መሃል አንዳንድ ኖድ ይጀምሩ። ካት 6 የሚባለው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ ሲገዙ ግን ንፁህ መዳብ መሆኑን ያስረግጡ፣ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ መዳብ የተቀባ አለና ሲረዝም ያስቸግራል። ግድግዳው ውስጥ ቱቦ ካልተቀበረ በውጭ በኩል ይሂድ፣ ያኔ ፀሐይ የሚችለውን የውጪ ኬብል ይጠይቁ።

ጥ፦ ሜሹን ከተከልኩ ወዲህ ስልኬ ፕሪንተሩን አያገኘውም።

መ፦ ፕሪንተሩ የድሮው ራውተር ዋይፋይ ላይ ቀርቷል መሰለኝ፣ እሱና ሜሹ ሁለቱም ራውተር ሆነው ለየብቻ አድራሻ እያደሉ ነው። አፑ ላይ ገብተህ ሜሹን አክሰስ ፖይንት ሞድ አድርገው፣ ማለትም አድራሻ ሳያድል ዋይፋይ ብቻ እንዲያዳርስ (የቲፒ ሊንክ ዴኮ ከሆነ ኦፕሬሽን ሞድ የሚለው ውስጥ ነው)፣ የድሮውን ዋይፋይ አጥፋው፣ ፕሪንተሩንም ወደ አዲሱ አዛውረው።

ጥ፦ መብራት ሲጠፋስ?

መ፦ ሚኒ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያሠራ ትንሽ ባትሪ ነው። አዳፕተሩ ላይ ቮልቱን አንብብ፣ ብዙው 12 ነው 9 የሆነም አለ። ለዋናው ብቻ ገዝተህ ኖዶቹን ከረሳህ ጓሮው ይጨልማል።

ጥ (ከመናኸሪያ)፦ ለሜሽ አቅም የለኝም፣ አሮጌ ራውተር ግን አለኝ።

መ፦ እሱ ይበቃሻል! አይፒውን (የራውተሩን አድራሻ ቁጥር) ከዋናው የተለየ አድርጊ፣ ዲኤችሲፒውን (አድራሻ ማደሉን) አጥፊ፣ ስሙንና ፓስወርዱን ከዋናው ጋር አንድ አድርጊ፣ ከዛ ኬብሉን ከዋናው ላን (LAN) ቀዳዳ ወደ አሮጌው ላን ሰኪ፣ ዋን (WAN) የሚለው ላይ እንዳይሆን። የ2.4ቱን ቻናል (የሞገዱን ቁጥር) ዋናው 1 ከሆነ ይሄኛውን 6 ወይ 11 አድርጊው።