ፖል ሲሞነን እና የተሰበረው ቤዝ፦ የአንባብያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በሠርግና በምሽት ክበብ ቤዝ ጊታር በመጫወት የምተዳደር ሰው ነኝ። በዚህ ዓምድ ስለ ሮክ ሙዚቃ በተጻፈ ቁጥር የእንግሊዙ የፓንክ ባንድ የ«ዘ ክላሽ» ቤዝ ተጫዋች ፖል ሲሞነን ሳይወደስ አይታለፍም። እኔ የሰማሁት ግን ሰውየው ወደ ባንዱ ሲገባ ምንም መጫወት አይችልም ነበር። የእኛን ሙያ ከዓመታት ልምምድ በኋላ የያዙ ስንት ሰዎች እያሉ እሱን ለማሞገስ ምን አስገደዳችሁ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የሰሙት እውነት ነው፤ እንዲያውም የነገሩዎት ሰዎች ለሰውየው አዝነው ጥቂት ቀንሰውለታል። ሚክ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1976 ለንደን ውስጥ ባንድ ለማቋቋም ሲነሣ የሥነ ጥበብ ተማሪ የነበረውን ሲሞነንን መጀመሪያ ያስተምረው የነበረው ጊታር ሲሆን፣ ትምህርቱ አልሆን ሲል ሁለት ክር የሚያንሰውን ቤዝ አስያዘው። ተማሪውም የኖታዎቹን ስም በመሣሪያው አንገት ላይ በቀለም ጻፈበት። በዚያው ዓመት ሐምሌ 4 ቀን ባንዱ ሼፊልድ ከተማ ውስጥ ሴክስ ፒስትልስ ከተባለው ሌላ የፓንክ ባንድ ቀድሞ መድረክ ላይ ሲወጣ ሲሞነን ቤዝ ከያዘ ገና ወራት ብቻ ነበር የተቆጠሩት። እርስዎ በሠርግ ላይ እንዲህ ያለ ባልደረባ ቢላክልዎት ምን እንደሚሉ ስለምንገምት አንጠይቅዎትም።

ነገር ግን የፓንክ ሙዚቃ የተነሣው የሮክ ባንዶች የጊታር ሶሎ ከመርዘሙ የተነሣ አድማጩ መሐል ላይ ሻይ አፍልቶ መመለስ በሚችልበት ዘመን ነውና፣ አለመቻል በዚያ ሠፈር እንደ ነውር አይታይም ነበር። የሲሞነን ልዩ ዕድል ደግሞ የት እንዳደገ ነው። ልጅነቱን ያሳለፈው የጃማይካ ስደተኞች በሰፈሩባቸው በለንደኖቹ ሠፈሮች በብሪክስተንና በላድብሮክ ግሮቭ አካባቢ በመሆኑ ጆሮው በሬጌ የተሞላ ነበር፤ ልምምዱንም ያደረገው የሬጌ ሸክላዎችን እያስጮኸ አብሮ በመምታት ነው። ሻሸመኔን ያየ አንባቢ እንደሚያውቀው በሬጌ ዘፈኑን ይዞ የሚሄደው ቤዙ ነው፤ ጊታሩ በየመሐሉ ጭክ ጭክ እያለ ያጅበዋል እንጂ አይቀድመውም። ስለዚህ ሌሎች የፓንክ ቤዝ ተጫዋቾች ጊታሩን ተከትለው ሲሮጡ፣ የእኛ ሰው መሮጡ አስቸግሮትም ይሁን ወዶ፣ በኖታና በኖታ መካከል ዝምታን መተው ለመደ። ይህን አድናቂ የሚያጋንነው ነገር ነው ቢሉን አንከራከርዎትም፤ «ዘ ገንስ ኦፍ ብሪክስተን»ን ካደመጡ በኋላ ግን ይጻፉልን።

ይህን ዘፈን ራሱ ደርሶ ራሱ ነው የዘፈነው። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ ለባንዱ ልብስ ለሚቀባና ማስታወቂያ ለሚነድፍ ሰው የሚከፈል ነገር እንደሌለ፣ ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ዘፈን ደራሲዎቹ እንደሆነ አስተውሎ ነበር። በእርግጥም የባንዱን ስም ከጋዜጣ ርዕሶች ላይ ለቅሞ ያመጣው እሱ ነው፤ ቀለም እየረጨ ይሥል በነበረው በአሜሪካዊው ሠዓሊ በጃክሰን ፖሎክ ሥዕሎች አምሳል ቀለም የተረጨባቸውን ልብሶችም ለባልደረቦቹ ያለበሰው እሱ ነው። የዘፈኑ የቤዝ መስመር እ.ኤ.አ. በ1990 በእንግሊዛዊው ሙዚቀኛ በኖርማን ኩክ ባንድ ተወስዶ ሌላ ዘፈን ሲሠራበት በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። በቀለም በተጻፈ ፊደል ቤዝ ለጀመረ ሰው መጥፎ አይደለም።

ለእውነት ስንል አንድ ነገር እንጨምር፤ እጃችን ግን እየተንቀጠቀጠ ነው። ባንዱ በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ዘፈኖች መካከል የገባበት ብቸኛ ሥራ «ሮክ ዘ ካዝባ» ሲሆን፣ በዚያ ቅጂ ላይ ቤዙን የመታው ሲሞነን ሳይሆን ድራመሩ ቶፐር ሄደን ነው። ይህን መረጃ ለክርክር የሚጠቀሙበት ከሆነ ከእኛ እንደሰሙት አይናገሩብን።

ጥያቄ፦ የእኅቴ ልጅ ሳሎናችን ውስጥ አንድ ሰው ጊታር መሬት ላይ ሊፈጠፍጥ ሲያጎነብስ የሚያሳይ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ምን እንደምል ግራ ገብቶኛል። ሰውየው ምን ሆኖ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እሜቴ፣ ለእንግዳዎ በድፍረት «በዓለም እጅግ የታወቀው የቤዝ ተጫዋች ፎቶግራፍ ነው» ብለው ይንገሩ። እንግዳው የሰውየው ፊት እንደማይታይና መሣሪያውንም እየተጫወተ እንዳልሆነ ካስተዋለ፣ የቤዝ ተጫዋቾች ዕጣ በመላው ዓለም ይኸው እንደሆነ አክለው ያስረዱት።

ፎቶግራፉ የተነሣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1979 በኒውዮርክ ፓላዲየም አዳራሽ ነው። ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር የተያያዙ ነበሩ፤ ጥበቃዎቹም ታዳሚው ተነሥቶ እንዲጨፍር አልፈቀዱም። ሲሞነን የተቀመጠ ሕዝብ ፊት መጫወቱ አንገሽግሾት በመጨረሻ ቤዙን ገልብጦ ያዘና ከመድረኩ ወለል ጋር አጋጨው። በእጁ ላይ የነበረው ሰዓትም በዚያው ቆመ፤ እነሱ 9፡50 የሚሉት፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3፡50 መሆኑ ነው። ፔኒ ስሚዝ የተባለችው ፎቶ አንሺ ሰውየው ወደ እሷ ሲመጣ እያፈገፈገች ነበርና ፎቶው ጥርት ብሎ አልወጣም፤ በዚህም ምክንያት ለባንዱ አልበም ሽፋን እንዳይውል ተከራክራ ነበር። ዘፋኙ ጆ ስትራመርና ሽፋኑን የነደፈው ሬይ ላውሪ ግን አልሰሟትም። ላውሪ የኤልቪስ ፕሪስሊን የ1956 አልበም ተከትሎ በጎንና በግርጌ ሮዝና አረንጓዴ ፊደላት ጨመረበት፤ አልበሙም «ለንደን ኮሊንግ» ተብሎ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ታተመ። በ2002 «ኪው» የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ መጽሔት የምንጊዜውም ምርጥ የሮክ ፎቶግራፍ ብሎ ሲመርጠው፣ በ2010 ደግሞ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሽፋኑን በቴምብር አወጣው። ጊታር ሰባሪ ምስል ያለበት ቴምብር ምላስ አስነክቶ ደብዳቤ ላይ መለጠፍ ለፓንክ ትልቅ ድል ይሁን ትልቅ ሽንፈት፣ ባልደረቦቻችን እስካሁን አልተስማሙም።

የቤዙ ስብርባሪ በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ በለንደን ሙዚየም ለሕዝብ ታይቷል። ሲሞነን ራሱ ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅ የሰበረው ከሁለቱ የተሻለውን እንደነበር፣ ብልህ ቢሆን ኖሮ መጠባበቂያውን ይሰብር እንደነበር ተናግሯል፤ ፊቱንም ትንሽ ቀና አድርጎ ቢሆን ኖሮ እንደሚመርጥ አክሏል። የእኅትዎ ልጅ ቤት ውስጥ ጊታር ካለው ይህን ስለ ተሻለው ቤዝ የተናገረውን ጮክ ብለው ያንብቡለት።

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምኖረው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሲሞነን እስር ቤት ገብቶ ያውቃል ይላል። በምን ወንጀል? አሁንስ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ከፖሊስ ጋር ካገናኙት ጉዳዮች ሁለቱን እንንገርዎት። የመጀመሪያው ለዝናው አይመጥንም፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን፣ ካምደን ውስጥ ነው፤ ከድራመሩ ጋር ሆነው በልምምድ ቦታቸው ጣሪያ ላይ በአየር ጠመንጃ ርግብ ሲተኩሱ ተያዙ። ርግቦቹ ለውድድር የሚያገለግሉና ባለቤት ያላቸው ውድ ወፎች መሆናቸው በኋላ ነው የታወቀው። ገና ብቅ ሲሉ መንግሥትን ሊገለብጡ ነው ተብሎ የተፈሩ ወጣቶች በርግብ ተከሰው ፍርድ ቤት መቅረባቸው ለእኛ ለአድናቂዎቹ የምንወደው ገጽ አይደለም።

ሁለተኛው ግን ያኮራናል። በ2011፣ ሃምሳ አምስት ዓመት ሆኖት፣ ኤስፔራንዛ በተባለችው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ የግሪንፒስ መርከብ ላይ ማንነቱን ሳይናገር በረዳት ወጥ ቤትነት ተቀጠረ። ከግሪንላንድ ዳርቻ ወጣ ብሎ ባሕር ላይ የሚደረገውን የዘይት ቁፋሮ በመቃወም የቁፋሮ መድረኩ ላይ ከወጡት ሰዎች አንዱም እሱ ነበርና ከባልደረቦቹ ጋር ሁለት ሳምንት ታሰረ። የመርከቧ ሠራተኞች ሽንኩርት ሲከትፍላቸው የነበረው ፖል ማን እንደሆነ ያወቁት ከዚያ በኋላ ነው። ቤዝ ተጫዋች በአንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሳይታወቅ መኖር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናውቅም።

አሁን በዋናነት ሠዓሊ ነው፤ በመሐሉም ከእንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ከዴመን አልባርን ጋር ጎሪላዝ በተባለው ባንዱ ተጫውቷል፣ በ2023ም ከዘፋኟ ከጌለን ኤርስ ጋር አልበም አውጥቷል። ባልደረባዎ ከየትኛው ዘፈን እንጀምር ብሎ ከጠየቀ ከላይ የጠቀስነውን የብሪክስተኑን ዘፈን ይጠቁሙት፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ ግን እንዳያደምጠው፣ ምክንያቱም በዚያ ቤዙ ፈጽሞ ስለማይሰማ ስለ ምን እንደተጻጻፍን አይገባውም።