ድራይቨራችሁ ማንን እንደሚጠብቅ ለከርነሉ ንገሩት

የምጽፈው ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ገብታችሁ መሥራት ለምትፈልጉ ወጣቶች ነው። እኔ ድራይቨር (ከርነሉ አንድን ዲቫይስ የሚነዳበትን ኮድ) ስጽፍና ስጠግን ፀጉሬ ሸብቷል። ብዙ ምክር የለኝም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላችኋለሁ፦ አንዱ ዲቫይስ ሌላውን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ይህንን ለከርነሉ በግልጽ ንገሩት። በጊዜ አትቆምሩ።

አንድ ሊኑክስ የተጫነበት የአርም ቦርድ አስቡ። ስክሪኑ እንዲበራ ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚያስተካክል ክፍል) ያስፈልገዋል። ሬጉሌተሩ ያለው የኃይል መቆጣጠሪያ ቺፑ ውስጥ ነው። ያንን ቺፕ የምታገኙት ቺፖች በሚነጋገሩበት በአይ-ቱ-ሲ መስመር ነው። የመስመሩ መቆጣጠሪያ ደግሞ ክሎክ (የጊዜ ምት) ካልመጣለት አይንቀሳቀስም። እነዚህን ሁሉ የሚነዱት የተለያዩ ድራይቨሮች ናቸው፤ የጻፏቸውም ምናልባት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች። ታዲያ ማን ቀድሞ ይነሳ?

ድሮ መልሱ "እንደ ዕድል" ነበር ማለት ይቻላል። ከከርነሉ ጋር አብረው የተገነቡ ድራይቨሮች ተራቸው በኢኒትኮል (ከርነሉ ሲነሳ በሚጠራው ማስጀመሪያ) ደረጃቸው ይወሰናል። ደረጃቸው እኩል ከሆነ በሜክፋይሉ (በግንባታ መመሪያው) ላይ የተጻፈው ቅደም ተከተል ይወስናል። ስለዚህ ተራው ያልተመቸው ሁሉ የራሱን ድራይቨር አንድ ደረጃ ወደ ፊት ይገፋ ነበር። ሌላውም አይቶ እንደዚያው ያደርጋል። ድራይቨሩን ሞጁል (ለብቻው የሚጫን ክፍል) ያደረጋችሁት ቀን ደግሞ ያ ሁሉ ግፊያ ገደል ይገባል።

ከዚህ የባሰው ፕሮብ (ድራይቨሩ ዲቫይሱን የሚያስነሳበት ኮድ) ውስጥ "ትንሽ ሚሊሰከንድ ተኛ" የሚል መስመር መሰካት ነው። የእናንተ ጠረጴዛ ላይ ሊሠራ ይችላል። ግን ፕሮብ አንድ በአንድ በሚሄድበት ቦታ እናንተ ስትተኙ የምትጠብቁት ድራይቨርም ከኋላችሁ ተሰልፎ እናንተን ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ፓች (የኮድ ማሻሻያ) ሲመጣልኝ ሳላነብ ነው የምመልሰው። እሺ፣ አነበዋለሁ፤ ግን እመልሰዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ሊኑክስ 3.4 ላይ ዲፈርድ ፕሮብ (ፕሮብን ለኋላ ማቆየት) መጣ። ድራይቨሩ የሚፈልገውን ካላገኘ ኢፕሮብ-ዲፈር የሚባለውን ስህተት ይመልሳል፤ ቁጥሩ 517 ነው። ከርነሉም ስሙን ይመዘግብና ሌላ ድራይቨር በተሳካለት ቁጥር መልሶ ይሞክረዋል። ቢሮ ጉዳይ ያለበት ሰው ያውቃታል፦ "ፋይሉ አልደረሰም፣ ቆይተህ ተመለስ።" ልዩነቱ እዚህ የሚመላለሰው ባለጉዳዩ ሳይሆን ቢሮው ራሱ ነው።

ብዙው ጥገና ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ ቆም ልበል። በጣም የተለመደው ጥፋት 517ን መዋጥ ነው። ሬጉሌተሩ "ገና ነኝ" ብሎ ይመልሳል፣ ድራይቨሩ ግን ወደ "ዲቫይሱ የለም" ቀይሮት ይወጣል። ከርነሉም አምኖ ተመልሶ አይመጣም። ስክሪኑ አንድ ቀን ይበራል፣ አንድ ቀን ይጠቁራል። ጥገናው የመጣውን ስህተት እንደመጣ መመለስ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ አንድ መስመር ነው። "ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለም" የምትሉትን ክሎክ ስትጠይቁም ያው ነው። አለመኖርና ገና አለመድረስ ይለያያሉ።

ሁለተኛው ጥፋት ተንኮለኛ ነው። ድራይቨሩ መጀመሪያ የልጅ ዲቫይሶቹን ይመዘግባል፣ ከዚያ 517 ይመልሳል። ልጆቹ ሲሳካላቸው ከርነሉ "አዲስ ነገር ተገኘ" ብሎ የተጠባባቂዎቹን ዝርዝር እንደገና ያነሳል። አባትየው ተመልሶ ይነሳል፣ ልጆቹን ይመዘግባል፣ ደግሞ ይወድቃል። ማለቂያ የለውም። ስለዚህ የምትፈልጉትን ሁሉ አስቀድማችሁ ያዙ፣ ልጆችን መጨረሻ ላይ መዝግቡ።

ዲፈርድ ፕሮብ ግን መነሳትን እንጂ መውረድን አይጠብቅም። ሲስተሙ ሰስፔንድ ሲያደርግ (ሲተኛ) ሬጉሌተሩ ከስክሪኑ ቀድሞ ቢጠፋስ? ወይም አንድ ሰው የሬጉሌተሩን ድራይቨር ስክሪኑ እየሠራ ቢነቅለው? ዲቫይስ ሊንክ የመጣው ለዚህ ነው። ሥራውን የመሩት ራፋኤል ዊሶኪ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሊኑክስ 4.10 ጋር ወጣ። አንዱን አቅራቢ፣ ሌላውን ተጠቃሚ ብላችሁ ታያይዛላችሁ። ከዚያ በኋላ ሰስፔንድ ሲደረግ ተጠቃሚው ይቀድማል፣ ሲነቃ አቅራቢው ይቀድማል። አቅራቢው ሊነቀል ሲል ከርነሉ መጀመሪያ ተጠቃሚውን ያላቅቃል።

ሊንክ ስትጨምሩ ሁለት ነገር አትርሱ። ጥሪው ባዶ ሊመልስ ይችላል፤ ለምሳሌ ሊንኩ ክብ ጥገኝነት የሚፈጥር ከሆነ። ሳታዩ አትለፉ። ስቴትለስ (ከርነሉ ሁኔታውን የማይከታተለው) የሚባለውን ዓይነት ከመረጣችሁ ደግሞ የሚያጠፋላችሁ የለም። ፕሮቡ መሃል ላይ ሲወድቅም ሊንኩን ራሳችሁ መሰረዝ አለባችሁ።

ዛሬ ዛሬ ብዙውን ከርነሉ ራሱ ይሠራዋል። ኤፍ-ደብሊው-ዴቭሊንክ የሚባለው የከርነሉ ክፍል ዲቫይስ ትሪውን (የቦርዱን ዲቫይሶች የሚገልጸውን ፋይል) አንብቦ ሊንኮቹን ድራይቨሮቹ ሳይነሱ በፊት ይፈጥራል። ወደዚህ የተደረሰው በቀላሉ አይደለም። በነባሪነት ሲከፈት አንዳንድ ቦርዶች አልነሳም አሉ፤ ዲቫይስ ትሪው ላይ የተጻፈው አቅራቢ ድራይቨር ከሌለው ተጠቃሚው ዘላለም ይጠብቃላ። ስለዚህ ተመልሶ ተዘጋ፤ ከተስተካከለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ሊኑክስ 5.13 ላይ እንደገና ተከፈተ። ያንን የከፈተው ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ርዕሱ "ሪቨርት ሪቨርት" (መመለሱን መመለስ) ብሎ ይጀምራል። ባየሁት ቁጥር ፈገግ እላለሁ። የዓለም ስልክና ሰርቨር የሚሮጥበት ኮድም እንዲህ ወዲያና ወዲህ እያለ ነው የሚያድገው።

እንግዲህ ቦርዳችሁ አልነሳ ሲል ኮድ ከመንካታችሁ በፊት ዲበግ-ኤፍኤስ (ከርነሉ የምርመራ መረጃ በፋይል መልክ የሚያሳይበት ቦታ) ውስጥ የተጠባባቂ ዲቫይሶችን ፋይል ክፈቱ። ማን እየጠበቀ እንዳለ ይነግራችኋል። ድራይቨሩ ዴቭ-ኧር-ፕሮብ የሚባለውን ፈንክሽን ከተጠቀመ ምክንያቱም እዚያው ይጻፋል። በድራይቨራችሁ ውስጥ ይህንን ተጠቀሙ፤ ሎጉም በከንቱ አይጨናነቅም። ኤፍ-ደብሊው-ዴቭሊንክን በቡት ትእዛዝ ወደ ፐርሚሲቭ ማላላት ለምርመራ ጥሩ ነው። ሲሠራላችሁ ግን "ተፈታ" ብላችሁ እንዳትሄዱ። ችግሩ ሊንክ ላይ መሆኑን አወቃችሁ እንጂ ምንም አልጠገናችሁም። ዲቫይስ ትሪውን አንብቡ። የተሳሳተ አቅራቢ ተጽፎ፣ ወይም ሁለት ዲቫይሶች እርስ በርስ እየተጠባበቁ ይሆናል።

ኮሚቱን ስትጽፉ "የፕሮብ ችግር ተስተካከለ" አትበሉ። ማን ማንን እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ኮሚት እንዳበላሸው፣ ቦርዱን የሚጠቀመው ሰው ምን እንደሚያይ ጻፉ። ከዓመታት በኋላ የሚያነበው ሰው ቦርዱ እጁ ላይ ላይኖር ይችላል።

ቦርድ የለኝም የምትሉ በኪውኢሙ (ኮምፒዩተርን በሶፍትዌር በሚያስመስል ፕሮግራም) ጀምሩ። የድሮ ላፕቶፕ ይበቃል። ድራይቨሩን ሞጁል አድርጋችሁ ጫኑት፣ አውጡት። በሲስኤፍኤስ (ከርነሉ ዲቫይሶችን በፋይል መልክ በሚያሳይበት ቦታ) በኩል አቅራቢውን ንቀሉና ተጠቃሚው ምን እንደሚሆን እዩ። ሰስፔንድ አድርጉና አንቁት። ከዚያ የመጫኛውን ቅደም ተከተል ገልብጡና ሁሉንም እንደ አዲስ ሞክሩት።