መልስ፦ ሜሹን ባደቀቅኩ ቁጥር ጥንካሬው ለምን ይወርዳል?

ሰላም ወንድሜ። የተሸመነው የካርቦን ፋይበርና ኢፖክሲ (ሙጫ) የኮምፒውተር ሞዴልህ ግትርነቱ ከላብራቶሪው ውጤት ጋር ገጥሞልሃል፤ የሚሰበርበት ጭነት ግን ሜሹን፣ ማለትም ሞዴሉ ኤለመንት በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለበትን መረብ፣ ባደቀቅክ ቁጥር ይወርዳል። እኔንም ይሄ ነገር ለሳምንታት አንከራቶኛል።

ጥፋቱ ያለው የጉዳት ሕጉ ላይ ነው፤ ቁሱ ሲጎዳ እንዴት እንደሚደክም ለሞዴሉ የሚነግረው ቀመር ማለት ነው። ቁሱ መድከም ሲጀምር ጉዳቱ በአንድ ረድፍ ኤለመንቶች ላይ ይከማቻል። ኤለመንቱ ባነሰ ቁጥር ስንጥቁ የሚወስደው ኢነርጂም ያንሳል፣ ሞዴሉም ቶሎ ይሰበራል። ስለዚህ የስንጥቅ ኢነርጂውን (አንድ አሃድ ስፋት ያለው ስንጥቅ ለመክፈት የሚያስፈልገውን) ለኤለመንቱ ርዝመት አካፍልና የድካሙን ኩርባ፣ ማለትም ቁሱ ሲደክም የመሸከም አቅሙ የሚወርድበትን መስመር፣ በዚያ ልክ አስተካክል። ተመራማሪዎቹ ባዣንትና ኦህ በ1983 ለኮንክሪት ያቀረቡት ዘዴ ነው፤ እዚህም በደንብ ይሠራል። ኤለመንቱ ግን በጣም ትልቅ አይሁን፣ ኩርባው ወደ ኋላ ይታጠፍብሃል።

ድርና ማጉንም ለየብቻ እያቸው። በድሩ አቅጣጫ ስትስበው ቀድሞ የሚሰነጠቀው ማጉ ነው፤ ጭነቱ የማጉን ፋይበሮች አቋርጦ ስለሚመጣ። ያንን የመጀመሪያ ስንጥቅ እንደ መጨረሻ ስብራት እንዳትቆጥረው፣ ድሩ ገና ብዙ ይሸከማል። ደግሞ በክሩ ውስጥ ያለው የፋይበር ድርሻ በጠቅላላው ቁስ ውስጥ ካለው እንደሚበልጥ አትርሳ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል።

የኤለመንቱን መጠንና ያስገባኸውን የስንጥቅ ኢነርጂ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።