ጋሼ፣ የድሮ ፊልም ይሻል ነበር?

ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። «ጋሼ፣ የድሮ ፊልም ይሻል ነበር አይደል?» ይላሉ። ጥያቄው መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። «ድሮ ቀረ» ብዬ ራሴን እንድነቀንቅላቸው ይጠብቃሉ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። ስጀምር ፊልም በእጅ ይቆረጥና ይቀጠል ነበር፤ አሁን እንደናንተው ኮምፒውተር ላይ ነኝ። ሁለቱንም ስላየሁ «አዎ» ብዬ ልገላገለው አልችልም። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ናፍቆቱን ትንሽ እናቀዝቅዘው።

የድሮ ፊልም ሁሉ ጥሩ የሚመስለን መጥፎዎቹ ስለተረሱ ነው። በየሳምንቱ ሲኒማ ቤት የሚገባ ሰው ያኔም ብዙ እንቶ ፈንቶ ያይ ነበር። ታሪኩ የማይጨበጥ የካራቴ ፊልም። ከተኩስ በቀር ሌላ የሌለው የጣልያን ካውቦይ። ዘፈኑ ቢወጣለት ምንም የማይተርፈው የህንድ ፊልም። እነሱን ዛሬ ስማቸውን የሚያነሳ የለም። የምናወራው ወንፊቱ ላይ ስለቀሩት ብቻ ነው። ከዛሬዎቹም የሚቀሩ ይኖራሉ፤ ያኔ ልጆቻችሁ «በናንተ ጊዜ እኮ ፊልም ነበረ» ይሏችኋል፣ እናንተም ደስ ይላችኋል።

ደግሞ የሚቀረው ሁሌ ምርጡ ነው ማለት አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1929 ከተሠሩት የአሜሪካ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች 70 በመቶ ያህሉ ጨርሶ ጠፍተዋል። የዚያን ዘመን ፊልም ናይትሬት ከሚባል ነገር የተሠራ ነበር። በቀላሉ ይቃጠላል፣ እያደርም ይበላሻል። ስቱዲዮዎቹም ገበያው ካለቀ በኋላ ቦታ እንደሚያጣብብ ዕቃ ነው ያዩት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እናንተም የቀረጻችሁትን ሁሉ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ አስቀምጣችሁ ትተኛላችሁ። ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቤት አስቀምጡ። ዛሬውኑ። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ናፍቆት የማያነሳው ሌላም ነገር አለ። ካውቦይ ፊልም ላይ ቀይ ህንዶቹ ከፈረስ ሲወድቁ አዳራሹ ያጨበጭብ ነበር። እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ! መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ማን ማንን እንዳፈናቀለ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሁላችንም ከአክተሩ ጋር ነበርን። ታርዛን ሲመጣ ደግሞ ጫካ ውስጥ እየጮኹ የሚሸሹት ሰዎች የኛው መልክ ያላቸው ነበሩ፤ ያኔም ጭብጨባው ለታርዛን ነው። ሴቶቹስ? ወይ ያለቅሳሉ ወይ ይጠብቃሉ። «ድሮ ጨዋ ፊልም ነበር» የሚሏችሁ ሰዎች ይህን አብረው ይንገሯችሁ።

ስለ አማርኛ ፊልም ከሆነ የምትጠይቁኝ፣ «ድሮ» የምትሉት ራሱ ያስቀኛል። በ1957 ዓ.ም. ከወጣው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ጀምሮ የቪዲዮ ካሜራ እስኪረክስ ድረስ የተሠሩት ረጃጅም የአማርኛ ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እናንተ የምትናፍቁት የ1990ዎቹን ነው፤ አምባሳደርና ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ ለአማርኛ ፊልም ሰልፍ የነበረበትን ጊዜ። እሱ ለኔ ትናንት ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ በእርግጥ ያጣነው ነገር የለም ወይ? አለ። እሱን ለመናገር ነው ይህን ያህል የዞርኩት።

የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ሥዕል፣ ይሄዳል። ካሜራው ላይ የሚገባው 1,000 ጫማ ጥቅል 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ይቀርጻል። አለቀ፤ ሌላ ጥቅል ክፈት። ጥቅሉ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ይታጠባል፣ ይታተማል፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። ስለዚህ ካሜራው ከመነሳቱ በፊት ሁሉም ነገር ያልቃል። ተዋናዩ ተለማምዷል። መብራቱ ቦታውን ይዟል። ዳይሬክተሩ ይህ ትዕይንት ከየት ጀምሮ የት እንደሚቆም ያውቃል። እኔ ጋ የሚደርሰው የተወሰነ ነገር ነበር።

ዛሬ ሜሞሪ ካርድ አለ። ልጆቹ አንዱን ትዕይንት ደጋግመው ቀርጸው መዓት ቴክ ይዘው ይመጡና «ጋሼ፣ ከዚህ መሃል የሚሆን አታጣም» ይሉኛል። አላጣም። ግን ምን እንደፈለጉ አላውቅም፤ እነሱም አያውቁም። ቀረጻው ቦታ ላይ መወሰን የነበረበት ነገር ተንከባሎ ኤዲተሩ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ኤዲተር ደግሞ ያልተወሰነ ነገር ሲመጣለት አንድ ነገር ያደርጋል፤ ያፈጥነዋል። ቶሎ ቶሎ መቁረጥ ብዙ ገመና ይሸፍናል። ይህን የምላችሁ ስሸፍን የኖርኩ ሰው ነኝ።

ይህ የኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዴቪድ ቦርድዌል የሚባል አሜሪካዊ የፊልም ምሁር ቆጥሮታል። እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1960 በነበሩት የሆሊውድ ፊልሞች አንድ ሾት፣ ማለትም ሳይቆረጥ የሚታይ ምስል፣ በአማካይ ከ8 እስከ 11 ሰከንድ ይቆይ ነበር። ወደ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ከ3 እስከ 6 ሰከንድ ወረደ። ፍጥነት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ግን ፊት የሚያነበው ሰው ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ሰው ዜና ሰምቶ ከመደንገጡ በፊት የምታልፍ አንዲት ቅጽበት አለች፤ ገና ያልገባው፣ ሊገባው የተቃረበ። እሷ ናት መጀመሪያ የምትቆረጠው።

አንድ ጊዜ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ስልክ ይደወልላታል። ልጇ ዓረብ አገር ናት። የሚደውለው ግን ልጇ አይደለችም። ተዋናይቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዝም አለች። የነጠላዋን ጥለት በሁለት ጣቷ ይዛ ታሻሸዋለች። ከዚያ ጣቷ ቆመ። ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም፤ ጣቷ ብቻ ነው የቆመው። እንደነበረ ተውኩት። ዳይሬክተሩ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ አየውና «ጋሼ፣ ይሄ ይሰለቻል» አለኝ። እሱ የፈለገው ስልኩን ጠጋ ብሎ፣ ዓይኗን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የልጅቷን ፎቶ፣ እንባ፣ ከሥሩ ፒያኖ ነው። ተከራከርን። ገንዘቡም ፊልሙም የሱ ነው፤ ፒያኖው ገባ። ፊልሙ ጥሩ ገበያ አገኘ፣ ይህን ልደብቃችሁ አልችልም። ቢሆንም እስካሁን ያቺ ጣት ነች የምትቆጨኝ።

ልጁን ግን አልፈርድበትም። የፈራው ነገር እውነተኛ ነው። በድሮ ሲኒማ ቤት ተመልካቹ ታስሯል። ከፍሎ ገብቷል፣ ጨለማ ነው፣ የሚነካካው ነገር የለውም። ፊልሙን የሚያጫውተው ሰውዬ ራሱ ማቆም አይችልም። ሁለት ፕሮጀክተር አጠገብ ለአጠገብ ቆመዋል፤ አንደኛው ላይ ያለው ጥቅል 20 ደቂቃ አይሞላም። ሊያልቅ ሲል ስክሪኑ ላይ፣ በስተቀኝ ከላይ ጥጉ ላይ፣ ትንሽ ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያኔ የሁለተኛውን ሞተር ያስነሳል። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሌላ ነጥብ ትመጣለች። ያኔ ይቀይራል። አንዷን ከሳተ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል፣ አዳራሹ በፉጨት ይቀወጣል። ፊልም ሠሪው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ተመልካቹ የትም እንደማይሄድ ያውቃል። ስለዚህ ያዘገያል። ያስጠብቃል። ዝም ያሰኛል።

የዛሬው ሠሪ የሚያውቀው ሌላ ነው። ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ይጫናል፤ ተመልካቹ ሽንኩርት እየከተፈ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኖ፣ በአንድ ጆሮው ነው የሚያየው። አዎ፣ በጆሮው ነው የሚያየው። ለዚህ ነው ሙዚቃው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይቆመው። ለዚህ ነው ገጸ ባሕሪው ያደረገውን መልሶ በአፉ የሚነግረን። «እኔ እኮ በጣም ነው የተናደድኩት» ይላል፣ በሩን በርግዶ ከወጣ በኋላ። ቪላው፣ መኪናው፣ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልክ ማውራቱ ደግሞ ከወጪ ጋር የተያያዘ ነው። የተለመነ ቤትና ካፌ ውስጥ መቅረጽ ይረክሳል።

ሆሊውድም ቢሆን ያበላሸው የሰው ስንፍና አይደለም። በመካከለኛ ገንዘብ የሚሠራ የአዋቂ ሰው ድራማ ሲኒማ ቤት ባያተርፍ እንኳ ከወራት በኋላ በዲቪዲ ሽያጭ ይካስ ነበር። ዲቪዲ ሲሞት መካሻው አብሮ ሞተ። ያኔ ስቱዲዮዎቹ ገንዘባቸውን ሰው ስሙን ቀድሞ በሚያውቀው ነገር ላይ ማፍሰሱን መረጡ፤ ክፍል 2፣ ክፍል 5፣ ካባ የለበሰ ጀግና። ስለዚህ «የዛሬ ልጆች ጣዕም የላቸውም» የሚል ሽማግሌ ስትሰሙ በትህትና አሳልፉት። ሒሳቡን አላየውም።

እናንተ ከድሮው መውሰድ የምትችሉት ዘዴውን ነው። ያኔ ድህነትና ቴክኖሎጂ ያስገድዱት የነበረውን ነገር እናንተ በፈቃዳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ለምሳሌ ለቀጣዩ አጭር ፊልማችሁ በትዕይንት ሦስት ቴክ ብቻ ፍቀዱ። አራተኛ የለም በሉ፣ ዓለም ቢገለበጥም። ልምምዱ በአንድ ጊዜ ሲቀየር ታያላችሁ። ተዋናዩ ቃለ ተውኔቱን ማጥናት ይጀምራል። ካሜራ ማኑ «ለምን እዚህ ቆምኩ?» ይላል። ሳውንድ ማኑ ሰው ዝም እንዲል ይቆጣል።

ገንዘብ የለንም ለምትሉ ደግሞ ሲድኒ ሉሜት እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራውን «ትዌልቭ አንግሪ መን» እዩ። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ጥቂት ደቂቃ በቀር አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚያልቀው፤ 12 ሰዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ 96 ደቂቃ። ክፍሉ ግን ባለበት አይቆምም። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ከሰዎቹ ዓይን ከፍ ይላል። መሃል ላይ ከዓይናቸው ጋር ይስተካከላል። ወደ መጨረሻው ከሥር ሆኖ ያያቸዋል፣ ጣሪያው መታየት ይጀምራል። ሌንሱም እየረዘመ፣ ማለትም ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ እየሆነ፣ ስለሚሄድ ግድግዳው ከጀርባቸው የሚጠጋ ይመስላል። ተመልካቹ አይነቃበትም። አየር ያጥረዋል እንጂ። ይህ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም፤ አስቦ መምጣት ነው። መጀመሪያ ድምፁን ከፍታችሁ እዩት። በሁለተኛው ድምፁን አጥፉና ካሜራው የት እንደቆመ ብቻ ተከታተሉ።

ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። «ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ» አትበሉኝ። ሌላ ክፍል።

ከቻላችሁ ብቻችሁን አትዩ። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና ጎተ ኢንስቲትዩት የፊልም ምሽት ሲያዘጋጁ ሂዱ። ከማታውቁት ሰው ጎን ተቀምጦ መሳቅ ሌላ ነገር ነው። አዳራሽ ውስጥ የት ጋ ሰው እንደሚቁነጠነጥ፣ የት ጋ የሚያስለው ሰው ሁሉ ዝም እንደሚል ታያላችሁ። ለፊልም ሠሪ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት አላውቅም።

የዛሬውንም አትናቁ። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተሠራው «ድፍረት» በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾች ሽልማት አግኝቷል። በዓመቱ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ፈረንሳይ የሚካሄደው ካን ፌስቲቫል ገባ፤ እዚያ በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። አንድ ልጅና አንድ በግ ይዞ ተራራ ላይ ይቆያል፣ አይቸኩልም። ሁለቱም የናንተ ዘመን ሥራዎች ናቸው።

ከየት እንጀምር ካላችሁ ግን ከኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጀምሩ። ኃይሌ ያኔ አሜሪካ ተማሪ ነበር። አገሩ መጥቶ፣ አብዮቱ በሚፈነዳበት በ1966 ዓ.ም.፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ትወና ሙያቸው ባልሆነ ሰዎች፣ በሁለት ሳምንት አካባቢ ቀረጸው። ሁለት ሳምንት! ዛሬ ጊዜ አጠረን የምትሉኝ ልጆች ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ባላባቱ ደጃፉ ላይ ወንበር ዘርግቶ ይጮሃል፤ ጭሰኛው ቤተሰብ ከንጋት እስከ ምሽት ይሠራል። ካሜራው መሬት ላይ የሚሠራውን ሰው በሩቁ አስቀምጦ ዝም ብሎ ያየዋል፣ እስክትደክሙ ድረስ። ድካሙ የታሰበበት ነው።

ርዝመቱ 150 ደቂቃ ነው፤ ሽንት ቤት ቀድማችሁ ግቡ። ግማሽ ሰዓት ሲሆን መሰልቸታችሁ አይቀርም፣ እጃችሁም ስልክ ይፈልጋል። እዚያ ላይ እንዳትነሱ። አይታችሁ ስትጨርሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ኑልኝ፤ ከበበ የሚባለው እብድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ካሜራው የት ነበር?