«መረጃ» እና «ማስረጃ»፦ የላቦራቶሪ ውጤት በምን ግሥ ይነገር?

ጥያቄ፦ በዜና ላይ አንዳንድ ጊዜ «የፎረንሲክ መረጃ»፣ ሌላ ጊዜ «የፎረንሲክ ማስረጃ» ይባላል። ልዩነት አላቸው? «የጣት አሻራው ወንጀለኛነቱን አረጋገጠ» ተብሎ ሲጻፍስ ልክ ነው? «ኤግዚቢት» ለሚለውስ የአማርኛ ቃል የለንም?

መልስ፦ ልዩነት አላቸው፤ ልዩነቱም ከግሣቸው ይነሣል። «መረጃ» ከ«ተረዳ» ይወጣል፣ «ማስረጃ» ከ«አስረዳ»። «መማሪያ» እና «ማስተማሪያ» የተለያዩትም በዚሁ መንገድ ነው። («ደ» ወደ «ጀ» መዞሩ አያደናግርዎ፤ «ወሰደ» «መውሰጃ»ን፣ «ሄደ» «መሄጃ»ን ሲወልድ የምናየው ነው።) መረጃ እኔው ራሴ ነገሩን የምረዳበት ነው። ማስረጃ ግን ያለ ሁለተኛ ሰው አይቆምም፤ አስረጂ አለው፣ የሚያደምጥና የሚመዝን ዳኛም አለው። የፍርድ ቤት አማርኛ «ከሳሽ እንደ ክሱ አስረድቷል» የሚለው ይህንኑ ይዞ ነው። «ፎረንሲክ» (ለፍርድ ሥራ የሚደረግ ሳይንሳዊ ምርመራ) የሚለው ቃልም ቢሆን ሥሩ «ፎረም» የሚለው ላቲን፣ ሮማውያን ሙግት ይሰሙበት የነበረው አደባባይ ነው።

ስለዚህ ወለል ላይ የታየ የደረቀ ጠብታ ለመርማሪው መረጃ ነው። ማስረጃ እስኪሆን ብዙ ይቀረዋል። ማን አነሣው? በምን ሰዓት? በምን ታሸገ? ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማን አስረከበ፣ ማን ተረከበ? ይህ ሰንሰለት አንድ ቦታ ከተበጠሰ የላቦራቶሪው ሥራ እንከን የሌለው ቢሆን እንኳ ዳኛው ውጤቱን ሊጠራጠረው ይችላል፤ የተመረመረው ጠብታ ያ ወለል ላይ የነበረው ጠብታ ስለ መሆኑ የሚያስረዳለት የለምና። ምርመራው ገና በሂደት ላይ ሳለ «መረጃ» ይበሉ፤ ችሎት ፊት ሲቀርብ «ማስረጃ»።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይበልጥ ያሳስበኛል። «አረጋገጠ» ከባድ ግሥ ነው፤ ጋዜጦቻችን ግን እንደ ላባ ይወረውሩታል። አሻራ የሚያነጻጽር ባለሙያ የሚመልሰው አንድ ጠባብ ጥያቄ ነው፦ ይህ ምልክት ከዚህ ጣት የመጣ ነው? አሻራው መቼ እንዳረፈ አብዛኛውን ጊዜ አይናገርም፤ ለምን እንዳረፈ ጨርሶ አይናገርም። ወንጀለኛነት ደግሞ የፍርድ ቤት ቃል ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ቦታ የለውም።

ጠባቡ መልስም ቢሆን ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ማድሪድ ውስጥ በባቡሮች ላይ ፍንዳታ ከደረሰ በኋላ፣ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባለሙያዎች በአንድ ከረጢት ላይ የተገኘን አሻራ የአንድ አሜሪካዊ ጠበቃ ነው አሉ፤ ሰውየውም ታሰረ። የስፔን ፖሊስ አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን ደረሰበት፤ ኤፍቢአይም ይቅርታ ጠየቀ። የሁለቱ ሰዎች አሻራ ይመሳሰል ነበር፤ አንድ ግን አልነበረም። አማርኛ ለዚህ ልዩነት ድሃ አይደለም። «አይቃረንም»፣ «ይመሳሰላል»፣ «ይገጥማል»፣ «የእሱ ነው» እያልን ደረጃ በደረጃ መውጣት እንችላለን። የጫማ ዱካ ቁጥሩና የሶሉ ቅርጽ ብቻ ከተገናኘ «ይመሳሰላል» ይበቃል፤ ያ ዓይነት ጫማ ያለው ብዙ ሰው ነው። ከአገልግሎት ብዛት የተፈጠረ፣ በዚያ ጫማ ላይ ብቻ የሚገኝ ቁርጥ ወይም ስንጥቅ ዱካው ላይ ከታየ «ይገጥማል» ለማለት ምክንያት ይኖራል።

«ደም ተገኘ» የሚለውም እንዲሁ ይቸኩላል። ሉሚኖል የተባለው ኬሚካል ደም ሲያገኝ በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል፤ ነገር ግን በረኪናም መዳብም ያበሩታል። ማረጋገጫ ምርመራ እስኪደረግ ድረስ ትክክለኛው «ደም ሊሆን የሚችል ምልክት ታየ» ነው። በዲኤንኤም ቢሆን ናሙናው የማን እንደሆነ ማወቅና እዚያ እንዴት እንደደረሰ ማወቅ ሁለት ነገሮች ናቸው። ለሰላምታ የተጨበጠ እጅ የሌላውን ሰው ሕዋስ ይዞ ሄዶ፣ የሕዋሱ ባለቤት ያልነካው ዕቃ ላይ ሊያኖር ይችላል። የሚገርመው፣ ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ መንትዮችን የተለመደው የዲኤንኤ ምርመራ አይለያቸውም፤ የጣት አሻራቸው ግን ይለያያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1910 በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የፖሊስ ላቦራቶሪ ያቋቋመው ኤድሞን ሎካር በስሙ የሚጠራ መርህ አለው፦ ሁለት አካላት ሲገናኙ አንዱ በሌላው ላይ አንዳች ነገር ይተዋል፣ ከሌላውም ይወስዳል። «ነካ» ስንል የምናስበው በአንድ ወገን ያለውን ብቻ ነው፤ «ተነካኩ» ስንል ግን ሁለቱም አድራጊም ተደራጊም ይሆናሉ። መርሁን ለሚያስተምር ሰው «ሲነካኩ» የሚለው ቃል ግማሹን ሥራ ይሠራለታል።

የእርስዎን ዓረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው «በቦታው የተገኘው የጣት አሻራ ከተጠርጣሪው አሻራ ጋር እንደሚገጥም ባለሙያው ገለጹ» እለዋለሁ። ተናጋሪው ታወቀ፣ የተነገረውም ከተሠራው አልበለጠም።

«ኤግዚቢት»ን በተመለከተ ባይነኩት ይሻላል። ፖሊሱም ጠበቃውም የሚግባቡበት ቃል ነው፤ የተያዘውንና የተመዘገበውን የሚጨበጥ ዕቃ ብቻ ያመለክታል። «ማስረጃ» ብለው ቢተኩት የምስክር ቃልንም ሰነድንም ስለሚጨምር ወሰኑ ይጠፋል። ዕቃው ገና ካልተመረመረ ደግሞ ምን እንደሚያስረዳ ስለማይታወቅ፣ «ማስረጃ» መባሉ ቀድሞ መፍረድ ይሆናል።